ሁለት «ማዶ» በአንድ ወንዝ

የአገራችን ሰው የሚኖርበትን ቦታ በስሙ መጥራት የተወው መቼ እንደሆነ የሚነግረኝ ባገኝ ደስ ባለኝ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ባጃጅ ተሳፍሬ ቤቴ እስክገባ የማየውን ፍዳ እኔ ነኝ የማውቀው። «የት ነው የሚወርዱት አባባ?» ይለኛል ሾፌሩ። የሰፈሩን ስም እነግረዋለሁ። «እሱ ደግሞ የት ነው?» ይላል፤ እዚያው ተወልዶ ያደገ ልጅ! ሲመረኝ «ከባንኩ ፊት ለፊት» እለዋለሁ። «እንደዚያ አይሉም!» ብሎ ይነሳና ወስዶ ሌላ ባንክ ደጃፍ ይጥለኛል። ዱሮ አንድ ባንክ ነበረ፣ ሁሉም ያውቀው ነበር፤ ዛሬ በሁለት ሱቅ መካከል አንድ ባንክ አለ። ስልኩም ያው ነው። ልጄ ከባሕር ዳር ደውላ «የት ነህ አባዬ?» ስትለኝ «እዚህ ነኝ» እላታለሁ። እኔም ከሾፌሩ አልተሻልኩም ማለት ነው። እንዲያውም የእኔ ይብሳል፤ በዚሁ በሽታ አንድ ሙሉ መንደር ያጠፋሁ ሰው ነኝ።

ባለፈው የገበያ ቀን ባጃጅ መጠበቂያው ጥግ ቆሜ እንደ ልማዴ ስነጫነጭ፣ ጋቢ የደረበ ሽማግሌ ዱላውን ተደግፎ ፊቴን ያጠናል። ዕድሜው ከእኔ ቢበልጥ በጥቂት ዓመት ነው። ከእግሩ ሥር ሆዷ የገፋ ልጅ እግር ሴት ጆንያ ላይ ተቀምጣለች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለ፣ «ያ ኸሰው ያልቆጠሩን መምህር እርስዎ አይደሉም?»

ባጃጅ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ንግግር ሲሰማ ሰው ሰሙን ትቶ ወርቁን ነው የሚያነሳው፤ ሽማግሌውን ንቄ፣ ሰድቤ መስሏቸው በዓይናቸው በሉኝ። እሱ ግን ሰሙንም ወርቁንም አንድ ላይ ነበር የተናገረው። ወዲያው አወቅሁት፤ አያ ይሁኔ ነው። ስንተዋወቅ አዲስ ጎጆ ወጪ ጎረምሳ ነበር፣ እኔም ፂም ያላወጣሁ መምህር ነበርኩ። የልብሴ ነገር ሳይቀር ትዝ ብሎኝ፣ ያን ጊዜ ያሳፈረኝ ሁሉ ተመልሶ መጣ።

ያን ጊዜ የቡሬ ልጅ መሆን ቀላል ነገር አልነበረም። ገበያው ጥግ፣ የስፌት መኪናውን በረንዳ ላይ አውጥቶ የሚሰፋ አንድ ልብስ ሰፊ ነበረን። ከጉልበት በታች እንደ ደወል የሚሰፋውን ቤልቦተም ሱሪ እንደሱ አድርጎ የሚቆርጥ አልነበረም፤ ለልክ ሲጠራህ ሰው እንዲያይህ ብለህ በዋናው መንገድ ዞረህ ትመጣለህ። ሻይ በአሥር ሳንቲም ነበር፤ ያውም ሞልቶ፣ ከስኒው ማስቀመጫ ላይ የፈሰሰውም ያንተ ነው። በሻይ ቤቱ ሬዲዮ ስለ አንዲት ልጅ ዓይን የሚያዜም ዘፋኝ ነበረ፤ ባትሪው ሲደክም የልጅቱም ዓይን አብሮ ይደክማል። የበርበሬ ሰሞን ከተማው ሙሉ ያስነጥሳል። ሙሽራው ያስነጥሳል፣ ዳኛው ያስነጥሳል፣ እኛ መምህራኑም ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆመን እናስነጥሳለን። አሁን ቡሬ ስሄድ በርበሬው አለ፣ ማስነጠሱ ግን እንደ ዱሮው አይደለም፤ ወይ በርበሬው ተበላሽቷል፣ ወይ አፍንጫዬ።

ታዲያ በዚያ ሰሞን ሕዝብ ሊቆጠር ነው ተባለና መምህራንን ሰበሰቡን። ሦስት ቀን አሠለጠኑን። ለእያንዳንዱ ጎጥ አንድ አንድ መዝገብ፣ ሁለት እርሳስ፣ አንድ ላጲስ ተሰጠን። አሠልጣኛችን ድምፁ ወፍራም ሰው ነበር፤ «ከሁሉ በፊት የመዝገቡ ሽፋን ላይ የጎጡን ስም ጻፉ!» እያለ ጠረጴዛ ይደበድባል። ለእኔ የደረሱኝ ከመኪናው መንገድ ወርደው በእግር የሦስት ሰዓት መንገድ የሆኑ፣ በአንድ ወንዝ ግራና ቀኝ የተቀመጡ ሁለት ጎጦች ናቸው። ወንዙ ቀይ ውሃ ይባላል። በበጋ አምስት ድንጋይ ረግጠህ ትሻገረዋለህ፣ በክረምት በሬ ይወስዳል። ከወዲህ ያለው መንደር ቤተ ክርስቲያኑ አለው፤ ከወዲያ ያለው ሌላው ይቅርና ጥሩ ጥላ እንኳ የለውም። ያን አዲሱን ሱሪዬን ለብሼ፣ ቴትሮን ሸሚዜን ከትቼ ሄድኩ። ሦስት ሰዓት በጭቃ!

ሰውን መቁጠር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ማንም አልነገረኝም። ያሳደሩኝ የወዲህኛው ቄስ አባ ቢያድግልኝ ራታችንን እንደበላን «ዳዊት ሕዝቡን ቆጥሮ ምን እንደመጣበት አላነበብህም ልጄ?» አሉኝ። እናቶቹ ደግሞ ልጆቻቸውን በቁጥር መናገር እንደ ሟርት ነው የሚያዩት።

«ስንት ልጆች አሉሽ?»

«ተመስገን፣ አሉ።»

«ይኑሩልሽ። ስንት ናቸው?»

«እሱ እንደፈቀደው።»

እርሳሴን ልሰብር ምንም አይቀረኝም ነበር። በኋላ ዘዴ አገኘሁ። ስማቸውን ብቻ እጠይቃለሁ፣ ስም መጥራት አይከፋቸውም፤ እኔ መዝገቡ ሥር ጣቴን እያጠፍኩ እቆጥራለሁ። በዚህ ዓይነት ሥራው ቀና። በዘዴዬ ኮርቼ ነበር፤ የሚያዋርደኝ ነገር ሽፋኑ ላይ እንዳለ አላወቅሁም።

እንዲህ ነው የሆነው። ሥራውን ከወዲያኛው ዳር ልጀምር አሰብኩና አባ ቢያድግልኝን «ነገ የምሻገርበት መንደር ማን ይባላል?» አልኳቸው። «ማዶ ነዋ!» አሉኝ። በከተማ «ገበያ ማዶ»፣ «ወንዝ ማዶ» የሚባል ሰፈር ስለለመድኩ ስም መስሎኝ በመጀመሪያው መዝገብ ሽፋን ላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ «ማዶ» ብዬ ጻፍኩ። ተሻገርኩ። ያልታሰበ ዝናብ ወረደና ወንዙ ሞላ፤ ከወዲያ ሦስት ቀን ቀረሁ። ይሁኔ ነው ያሳደረኝ። ሱሪዬ ረጥቦ ሲደርቅ አጥሮ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ቀረ፤ የይሁኔ ሚስት ባየችው ቁጥር ፊቷን አዙራ ትስቃለች። እዚያ ያሉትን ሁሉ ቆጥሬ ጨረስኩና ሁለተኛውን መዝገብ አወጣሁ። «ተመልሼ የምቆጥረው የእነ አባ ቢያድግልኝ መንደርስ ማን ይባላል?» አልኩት ይሁኔን።

«እነሱማ ማዶ ናቸው።»

«እነሱ እኮ እናንተን ነው ማዶ ያሉኝ።»

«እኛ ለነሱ ማዶ ነን፣ እነሱ ለኛ ማዶ ናቸው። ምን ይቸግራል?»

ከዚህ በላይ ግልጽ አድርጎ የሚነግረኝ አልነበረም። ያን ጊዜ «እናንተ ራሳችሁን ማን ትላላችሁ?» ብዬ መጠየቅ፣ ላጲሴን ማውጣት፣ ማስተካከል ነበረብኝ። ምን አደረግሁ? ደክሞኛል፣ ሱሪዬ አጥሯል፣ ቡሬ ናፍቃኛለች። መዝገቡ የየራሱ ቁጥር አለው፣ ይለዩታል አልኩና ሁለተኛውም ላይ «ማዶ» ብዬ ጻፍኩ።

አልለዩትም። መዝገቡን የተረከበው ሰው አንድ የእጅ ጽሑፍ፣ አንድ ወንዝ፣ ሁለት «ማዶ» ሲያይ አንዱ የሌላው ግልባጭ መስሎት የላይኛውን ወደ ጎን አደረገው። የላይኛው ደግሞ የወዲያኞቹ ነበር። ከዚያ በኋላ በወጣው ዝርዝር ከቀይ ውሃ ወዲያ ሰው የለም። ይህን ያወቅሁት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለሌላ ጉዳይ ዝርዝሩን ሳገላብጥ ነው። ደነገጥኩና ለኃላፊው ነገርኩት። «መምህር፣ ይሄ እኮ ያለቀ ነገር ነው፤ በሚቀጥለው ይስተካከላል» አለኝ። እውነቱን ልናገር፤ ምንም ማድረግ አይቻልም ሲለኝ ቀለለኝ። ከዚያ ትዳር መጣ፣ ዝውውር መጣ፣ የልጆች ትምህርት መጣ። በዚህ አገር መንግሥት ይሄዳል፣ ወንበር ይቀየራል፣ ዝርዝር ግን አይሞትም። አዲሱ ከአሮጌው ይገለበጣል፣ አሮጌው ከእኔ።

አያ ይሁኔን ከባጃጁ ጥግ ይዤ ሻይ ቤት አስገባሁት። ጆንያ ላይ ተቀምጣ የነበረችው ሴት የልጅ ልጁ ናት፣ ሰላም ትባላለች፤ ለእርግዝና ምርመራ አምጥቷት ነው። ሻዩ ግማሽ ስኒ ነው፣ ዋጋውን አልናገርም፣ ደሜ ይፈላል። ስለ ልጁ ስለ ውድነሽ የነገረኝ እዚያ ነው። በክረምት ምጥ ያዛት። በቃሬዛ ተሸክመው ወንዙ ዳር አደረሷት፣ ወንዙ ሞልቷል። ውሃው እስኪጎድል ጠበቁ። ልጅቱ እዚያው ዳሩ ላይ ተወለደች፤ ውድነሽ ግን ውሃው ሳይጎድል ሄደች። የተወለደችው ይቺ ሰላም ናት።

«ድልድይ ብለን አመለከትን» አለ ሻዩን ሳይነካ። «አንድ ጊዜ አይደለም። "ኸወንዙ ወዲያ ማን አለና?" ይሉናል። "እኛ አለን" እንላለን። "ዝርዝሩ ላይ የላችሁም" ይሉናል። ኸፊታቸው ቆመን!»

«ሰላም እኔ ቤት ትክረም» አልኩ። «እስክትወልድ እዚህ ትቀመጥ።»

«እግዜር ይስጥልን። ዘንድሮ ኸወዲያ ነፍሰ ጡር እሷ ብቻ አይደለችም፤ አንዷን እርስዎ ቢያስጠጉ የቀሩትን ማን ያስጠጋል?» ቀጥሎ ዋናውን ነገር ነገረኝ። የእግረኛ ድልድይ የሚሠራላቸው ጎጦች ሊመረጡ ነው፣ ሐሙስ አንዲት ባለሙያ መጥታ ትመዘግባለች፤ እስከ ሐሙስ ያልተመዘገበ ጎጥ አይታሰብም። «እርስዎ መጥተው ቢመሰክሩልን» አለ።

ሐሙስ ሄድኩ። ያ የሦስት ሰዓት መንገድ ዛሬ እኩሌታው በባጃጅ ይሄዳል፤ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ፤ ጉልበቴን አላወራም። ያኔ ሜዳ የነበረው ሁሉ ባሕር ዛፍ ሆኗል፤ ከየት ወዴት እንደምሄድ መለየት አቃተኝ። የሣር ክዳን የነበረው ቤት ቆርቆሮ ለብሷል፣ ጣሪያው ላይ የፀሐይ መብራት ተሰቅሏል። ጎረምሶቹ ስልካቸውን ይዘው ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ይወጣሉ። ሁሉ ነገር ተለውጧል። ወንዙ ላይ ስደርስ ያኔ የረገጥኳቸው አምስት ድንጋዮች ብቻ አሉ፤ በእነሱ ላይ የተጨመረ ስድስተኛ ድንጋይ እንኳ የለም። አያ ይሁኔ እጄን ይዞ አሻገረኝ።

ባለሙያዋ ሕይወት የምትባል፣ ከባሕር ዳር የመጣች ጨዋ ልጅ ናት። ሕዝቡ ባሕር ዛፍ ሥር ተሰብስቧል። ታብሌቷን ከፈተችና ጣቷን አንሸራተተች፣ አንሸራተተች፣ ቆመች።

«ማዶ... ማዶ ትናንት አልቋል እኮ» አለች።

«አልቋል ማለት?»

«ተመዝግቧል አባባ። አረንጓዴ ሆኗል። ሁለተኛ ላስገባ ብል ሲስተሙ ይመልሰኛል።»

ትናንት የመዘገበችው የወዲህኞቹን፣ የእነ አባ ቢያድግልኝን መንደር ነው። በዚህ ዕድሜዬ አደባባይ ጮኼ አላውቅም፣ ያን ቀን ጮህኩ። «ያንን "ማዶ" የጻፍኩት እኔ ነኝ! በእርሳስ ነው የጻፍኩት! ላጲስ አምጡልኝና ላጥፋው!» አልኩ። ልጆቹ ሳቁ። ሕይወት ውሃ አስመጣችልኝ፤ ከዚያም ቀስ ብላ «አይጨነቁ፣ "ሌላ" የሚል ቦታ አለ። የጎጣችሁን ስም ንገሩኝ፣ እጽፈዋለሁ» አለች።

ይኼኔ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ፤ የእኛን ሰው የማላውቀው ይመስል! አንዱ ሽማግሌ «ግራር ውሃ ነው፣ በአባቶቻችን ጊዜ» አለ። ሌላው «ግራሩ የት አለና? እንዲስቁብን ነው?» አለ። ጎረምሶቹ «አዲስ አምባ ይባል» አሉ። አንዲት ሴት «እኛ ማዶ ነን፣ ስሙን መቀየር ያለባቸው እነሱ ናቸው» አለች፤ ብዙ ሰው ደገፋት። ፀሐይዋ ዞረች። ሕይወት ባትሪው እየደከመ መሆኑን ሁለት ጊዜ ተናገረች። እኔ «የሚቃጠል ቤት ውስጥ ቆሞ ስለ በሩ ቀለም የሚከራከር ሰው እናንተን አየሁ!» ብዬ ተቆጣሁ፤ ማንም አልሰማኝም።

ወይዘሮ እንዬ የሚባሉ አሮጊት እስከዚያ ዝም ብለው ነበር የተቀመጡት። ድንገት «ቆይ እስቲ» አሉ። «ስም ስም ትላላችሁ። መጻፉን ማን ፈቀደ?»

ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ።

«ያ የአፈሳ ዘመን ሲመጣ» አሉ ወደ እኔ ዞረው፣ «ኸየጎጡ ለጦርነት ይኸን ያህል ልጅ አምጡ ሲባል፣ ኸነዚያ ማዶ ስንቱ ሄዶ ቀረ። እኛን የጠራን የለም። ለምን? ወረቀቱ ላይ የለንማ! ሁለቱ ልጆቼ ይኸው አርሰው ያበሉኛል። እርስዎን በየጸሎቴ ሳላነሳ ቀርቼ አላውቅም፣ መምህር። እግዜር ይስጥልኝ።»

«ታውቁ ነበር?» አልኩ።

«ያኔውኑ ነዋ ያወቅነው» አለ አያ ይሁኔ። «ዝርዝሩ ሲነበብ ሰማን። የተናገረ ወዮለት ተባባልን። ድልድይ ስንጠይቅ እንኳ "ጻፉን" ብለን አላመለከትንም፣ "ሥሩልን" ብለን ነው እንጂ።»

ይህን ሁሉ ዘመን የተሸከምኩት ጸጸት የእኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ያጠፋኋቸው ሰዎች መጥፋታቸውን ተስማምተው ጠብቀውታል። ልናደድ፣ ልሳቅ፣ እግራቸው ላይ ልውደቅ አላውቅም። ከሁሉም የከበደኝ የወይዘሮ እንዬ ምርቃት ነበር፤ ውድነሽን ወንዙ ዳር ያስቀረ እጅ እኮ ነው የሚመርቁት።

«ወረቀት ዛሬስ ምን ይዞ እንደሚመጣ ማን ያውቃል?» አሉ ወይዘሮ እንዬ። «እኔ አልጻፍም።» ከኋላቸው ብዙ ራስ ተነቀነቀ። ሕይወት ታብሌቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አንዴ እኔን፣ አንዴ እነሱን ታያለች። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ምን መብት አለኝ ብዬ መልሼ ዘጋሁት።

አያ ይሁኔ ተነሳ። «እንዬ፣ ያንቺ ልጆች ቀሩልሽ፤ የኔዋ ሄደች። ሁለቱም በዚህ ሰውዬ እርሳስ ነው። እኔ በማን ልፈርድ?» አለ። «ወረቀቱ የሚያመጣውን እፈራለሁ፣ አልዋሽሽም። ወንዙ የሚያመጣውን ግን አይቸዋለሁ።» ከዚያ ባለሙያዋ ፊት ሄዶ ቆመ። «ግራር ውሃ በይው፣ ልጄ። እኔን ጻፊኝ።»

ሕይወት ጻፈች። «በቤት ውስጥ ስንት ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችው።

ስም እንዲጠራ ልነግራት ነበር። እሱ ግን ጣቶቹን ዘረጋና ሁሉ እያየው በቁጥር ቆጠረ። «አንድ እኔ። ሁለት ባለቤቴ። ሦስት የሰላም ባል። አራት ሰላም።» ዱላውን አጠገቡ ወደ ቆመችው ወደ ሰላም ሆድ ቀሰረ። «አምስት።»

«ያልተወለደ አይቆጠርም አባባ።»

«ለምን?»

«መመሪያው ነው። የተወለደ ብቻ ነው የሚመዘገበው።»

«እንግዲያው እስኪወለድ እኛው ዘንድ ቆዪ» አላት። «ቀኗ ነሐሴ ነው።»

ሕይወት መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ዞር ብላ ወንዙን አየች።